የድመት መንቀጥቀጥ ለጤና ባለሙያ ምን ይነግረዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የ9 ዓመት ልጅ እጁን በድመት ተነክሶ ወደምሠራበት የጤና ተቋም መጣ። ቁስሉ ትንሽ ነበር። ስለ ቴታነስ ክትባቱ ጠይቄ የመድኃኒት ማዘዣ መጻፍ ጀምሬ ሳለሁ፣ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ወደ እናቲቱ ዞር ብላ «ድመቷ አሁን እንዴት ናት?» ስትል ጠየቀቻት። እናቲቱም «ከትናንት ጀምሮ ትንቀጠቀጣለች፤ ልጁ የበረዳት መስሎት ሊያቅፋት ሲል ነው የነከሰችው» አለች። ልጁም በዚያው ዕለት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ሕክምና ጀመረ። ያን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ፣ የምትንቀጠቀጥ ድመት ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። በእንቅልፍ ላይ ያለች ድመት ጆሮዋን፣ ጢሟንና የእግሮቿን ጫፍ ስታንቀሳቅስ ይታያል። በሕልም የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ነቅቶ እንዳለ ያህል ይሠራል፤ የአንጎል ግንድ ግን ጡንቻዎችን አላልቶ ይይዛቸዋል። ከዚህ ቁጥጥር የሚያመልጡት ጥቃቅን ትእዛዛት ናቸው እንደ መርገፍገፍ የሚታዩት። ድመቷ ስትጠራ ነቅታ እንደወትሮዋ ከሆነች የሚያሳስብ ነገር የለም። ብርድና ፍርሃትም ያንቀጠቅጣሉ፤ ምክንያቱ ሲወገድ መንቀጥቀጡም ይቆማል።

ነቅታ ሳለች የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሲታይባት ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ብዙዎቹ ምክንያቶች ከሰው ሕክምና የምናውቃቸው ናቸው። ግልገሎቿን በምታጠባ ድመት የደም ካልሲየም ሊያንስ ይችላል፤ ኢንሱሊን በሚሰጣት ድመት የደም ስኳር ሊወርድ ይችላል፤ በዕድሜ በገፋች ድመት ደግሞ የኩላሊት ድካም ወይም የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ መሥራት ሊኖር ይችላል። እናቲቱ በእርግዝና ወቅት በድመቶች የፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ ከተያዘች፣ የግልገሎቿ የኋለኛው አንጎል ሳያድግ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያሉ ግልገሎች ምግብ ለመብላት አንገታቸውን ሲዘረጉ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዐርፈው ሲተኙ ግን መንቀጥቀጡ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዐቢይ ምክንያት መርዝ ነው። ለውሻ ቁንጫ ማጥፊያ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ለድመት ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ የድመት ጉበት ይህን ኬሚካል አጣርቶ ለማስወገድ ያለው ችሎታ ዝቅተኛ ነውና። እንደ ማላታዮን ያሉ ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮችም ምራቅ ማዝረክረክ፣ ተቅማጥ፣ የብሌን መጥበብና የጡንቻ መርገፍገፍ ያስከትላሉ። እዚህ ላይ ነገሩ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ ድመቷ የተኛችበት ወለል ሕፃኑ የሚድህበት ወለል ነውና።

ለዚህ ታላቅ ትምህርት የሚሆነው በጃፓን አገር በሚናማታ የደረሰው ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በዓሣ አጥማጆች መንደሮች ድመቶች ይንቀጠቀጡ፣ ይንገዳገዱና እየተሽከረከሩ ይወድቁ ጀመር። ነዋሪዎቹም «የድመቶች ጭፈራ» ብለው ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1956 አንዲት የ5 ዓመት ሕፃን መራመድና መናገር ተስኗት ሆስፒታል ገባች፤ እኅቷም ተከተለቻት። በቺሶ ኩባንያ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሀጂሜ ሆሶካዋ ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መከሰቱ ለጤና ጽሕፈት ቤት እንዲነገር አደረጉ። ሰውም ድመትም የበሉት በሜቲልሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ ነበር። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ለድመት ሲሰጡ ያው በሽታ ታየባት። ኩባንያው ግን ውጤቱን ደበቀው፤ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽም እስከ 1968 ድረስ ወደ ባሕር መልቀቁን ቀጠለ። በይፋ የተመዘገቡት ሕሙማን ብቻ ከ2,200 በላይ ናቸው። ድመቶቹ ቀድመው ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ ውሻን ቢያነሳም ድመትም ታስተላልፈዋለች። የጠባይ መለወጥ፣ ያለ ምክንያት መናከስ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የምራቅ መዝረክረክ፣ መንቀጥቀጥና የኋላ እግሮች መስነፍ ይታዩባታል። ቫይረሱ ምልክቶቹ ከመታየታቸው ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ በምራቅ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፣ በንክሻው ዕለት ደህና መምሰሏ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ በድመት የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ሲመጣ፦

1. ቁስሉ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ከዚያም በአዮዲን ይጸዳ።

2. ድመቷ ከንክሻው በፊትና በኋላ የነበረችበት ሁኔታ፣ ክትባቷና አሁን ያለችበት ቦታ ይጠየቅ።

3. ክትባት የሚያስፈልገው ሰው የድመቷ ሁኔታ እስኪታወቅ ድረስ አይጠብቅ። ቆዳን በስቶ የገባ ንክሻ ኢሚዩኖግሎቡሊንም ይፈልጋል። ድመቷ ለ10 ቀናት ተጠብቃ ጤነኛ ከሆነች ሕክምናውን ማቋረጥ ይቻላል።

4. የምትንቀጠቀጥ ድመት በባዶ እጅ አትነካ፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

5. በቤቱ መርዝ ተረጭቶ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሌላ የታመመ ሰው ካለም ይመርመር።

የበሽተኛ ታሪክ ስንወስድ ስለ ቤተሰቡ መጠየቅን ተምረናል። ድመቷም ከቤተሰቡ ጋር ትኖራለች። ስለ እርሷ የሚቀርበው ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት በልጁ ላይ ከታየ በኋላ ግን ጥያቄውም መልሱም አያድኑትም።