የምትዘለለው ምት

ከሁለት ወር በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ተማሪዬ ጊታሩን አንግቶ መጣ። የባንክ ሠራተኛ ነው። ጊታር ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የአማርኛ ዘፈን ሲያጅብ እጁ ይታዘዝለታል። «ጋሼ፣ አንድ ዘፈን ይዤ ስታገል ከረምኩ። ኖታው አንድም አልጎደለኝም፤ ዘፈኑ ግን እምቢ አለኝ» አለኝ። ዘፈኑ ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው «አንፕለግድ» አልበሙ በአኩስቲክ ጊታር የተጫወተው «ቢፎር ዩ አኪዩዝ ሚ» ነው። «እስቲ ምታልኝ» አልኩት። መታልኝ። እውነቱን ነው፤ ጣቶቹ አንድም ቦታ አልሳቱም። እኔ የሰማሁት ግን በባዶ እግሩ ጠጠር ላይ እንደሚራመድ ሰው፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየፈራ የሚሄድ አጨዋወት ነበር።

ይህን በሥራዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ብሉዝ የተቀላቀለበት ሮክ ልማር ብሎ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጨነቀው ለግራ እጁ ነው፤ የትኛውን ፍሬት ልጫን፣ በየትኛው ጣት ልያዝ ይላል። ዘፈኑ ያለው ግን ቀኝ እጅ ላይ ነው።

የግራ እጁን ሥራ በአንድ ሳምንት የሚጨርሱ አሉ። ዘፈኑ የሚጠይቀው ሦስት ኮርድ ነው፤ ኢ፣ ኤ እና ቢ ሰቨን። ዙሩ 12 ባር ነው። አንድ ባር ኢ፣ በሁለተኛው ወዲያው ኤ፣ ከዚያ ሁለት ባር ኢ። ቀጥሎ ሁለት ባር ኤ፣ ሁለት ባር ኢ። የመጨረሻዎቹ አራት ቢ ሰቨን፣ ኤ፣ ኢ፣ እና ዙሩን እንደገና የሚጠራው ቢ ሰቨን ናቸው። በሁለተኛው ባር ላይ ወደ ኤ ሄዶ መመለሱን ጀማሪ ይረሳዋል፤ እሷን ካስታወሰ ሌላው አያስቸግረውም።

ቀኝ እጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ዘፈን አንዱ ምት ለሁለት እኩል አይከፈልም። ለሦስት ይከፈላል፤ መሃለኛዋ ትዘለላለች። የመጀመሪያዋ ረዘም ትላለች፤ የመጨረሻዋ አጠር ብላ ቀጣዩን ምት ከኋላው ትገፋዋለች። ሻፍል የሚባለው ይህ ነው። ተማሪዬ ምቱን ለሁለት እኩል ከፍሎት ነበር። አልፈርድበትም፤ የተማረው ከታብ ነው፤ የሚጫኑት ፍሬቶች በቁጥር ከሚጻፉበት ወረቀት። ታብ ላይ ቁጥሮቹ እኩል ተራርቀው ይጻፋሉ፤ ዓይን እኩል ያነባቸዋል፣ እጅም ዓይንን ይከተላል።

ጊታሩን እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። «ሠርግ ቤት ነህ እንበል፤ ችክችካ አጨብጭብልኝ» አልኩት። ሳቀና አጨበጨበ። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውነቱ ውስጥ ያለ ነው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆነ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሦስት ሲጀምር እግሩን መሬት እንዲያስነካ አደረግሁት። ቀስ አልን። «አሁን መሃለኛዋን ዝለላት» አልኩት። በሦስተኛው ሙከራ ሻፍሉ ከመዳፉ ወጣ። እሱም ሰማው፤ ዓይኑ ሲበራ አይቻለሁ።

ችክችካና ሻፍል አንድ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም፤ ይህን ለማንም ተማሪ ሳልናገር አላልፍም። በችክችካ ሰውነታችን የሚያርፈው ሦስቱ በሚጀምርበት ላይ ነው። ብሉዝ ውስጥ ከአራቱ ምቶች ጠንከር የሚሉት ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው፤ ከበሮ መቺው ስኔር የሚባለውን ከበሮ የሚመታው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ እግር አራቱንም ይቆጥራል፤ ጭብጨባ በሁለትና በአራት ብቻ ይሆናል። ይህ ለብዙዎች አንድ ሙሉ ሳምንት ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጊታሩ የምንመለሰው። 6ኛው ክር ባዶውን፣ ከእሱ ጋር 5ኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ በአመልካች ጣት። ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ የቀለበት ጣት አራተኛው ፍሬት ላይ ያርፍና ሁለት ጊዜ፤ ተመልሶ እንደገና። ኤ ላይ ሲደረስ ያው ቅርጽ አንድ ክር ወደ ታች ይወርዳል። የቀኝ መዳፍ ጠርዝ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ ላይ ቀለል ብሎ ይቀመጣል፤ ድምፁ እንዳይጮህና እንዳይንዛዛ። መዳፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደፊት ከሄደ ድምፁ ይሞታል፤ ወደኋላ ከሸሸ ክሮቹ ሁሉ ይንጫጫሉ። ትክክለኛዋን ቦታ ማንም በቃል ሊነግራችሁ አይችልም፤ ጆሮ ነው የሚያገኛት።

ክራር ስትጫወት ያደገች ተማሪ ነበረችኝ፤ ነርስ ናት። ሌሎች ወር የሚፈጅባቸውን ይህን ማፈን በሁለት ቀን ያዘችው። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ስድስቱንም ክሮች ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ መሰማት የሌለባቸውን ይዘው ዝም ያሰኛሉ። ዝምታ በእጅ እንደሚሠራ ከእኔ አልተማረችም፤ ከአያቷ ቤት ይዛው መጥታለች።

ተማሪዎቼ ክላፕተን በ«አንፕለግድ» ስለተጫወተበት ጊታር ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በ1939 የተሠራ ማርቲን ነው፤ በ2004 በጨረታ 791,500 ዶላር ተሸጧል። እኔ ግን ስለ ዘፈኑ ጉዞ ብነግራቸው እመርጣለሁ። የጻፈው ቦ ዲድሊ ነው፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ቺካጎ የሄደ ሰው። በ1957 ሲያወጣው በኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። በ1970 ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል «ኮስሞስ ፋክተሪ» አልበም ውስጥ በሮክ መንፈስ ተጫወቱት። ክላፕተን ራሱ በ1989 «ጆርኒማን» ላይ በኤሌክትሪክ ጊታር ቀድቶታል። በጥር 1992 እንግሊዝ ውስጥ ተመልካች ፊት ሲቀመጥ ነው ያንኑ ዘፈን ያለ ማጉያ፣ በእንጨቱ ብቻ ይዞ የቀረበው። ዘፈኑ አልወደቀም። የቆመው በማጉያው ጉልበት ቢሆን ኖሮ ያኔ ይታወቅ ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ለተማሪዬ ከሁሉ የበለጠ እፎይታ የሰጠውም ይህ ይመስለኛል። በዚያ ቀረጻ ላይ ክላፕተን ብቻውን አይደለም። አንዲ ፌርዌዘር ሎው ሁለተኛውን ጊታር ይዟል፤ ኔታን ኢስት ቤዝ፣ ስቲቭ ፌሮን ከበሮ፣ ቸክ ሌቬል ፒያኖ። እኛ ቤታችን ተቀምጠን በአንድ ጊታር የአምስት ሰው ሥራ ለመሥራት እንታገላለን። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ብቻውን ለሚጫወት ሰው እኔ የምመርጥለት ምቱን ነው፤ ጌጡ በኋላ ይደርሳል።

ስለ ጌጡም ካነሳሁ፣ አኩስቲክ ላይ የብዙዎችን ጣት የሚያቆስለው ቤንድ ነው፤ ክሩን ወደ ጎን ስቦ ድምፁን ከፍ ማድረግ። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የተለመደው የመጀመሪያው ክር ውፍረት 0.009 ወይም 0.010 ኢንች ነው፤ አኩስቲክ ላይ ብዙ ጊዜ 0.012። ሦስተኛው ክር ደግሞ አኩስቲክ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው። እሱን አንድ ሙሉ ድምፅ ለመሳብ መታገል ጣት መጉዳት ነው። በዚያ ፈንታ ሦስተኛውን ክር ባዶውን መትታችሁ ወዲያው በአመልካች ጣት የመጀመሪያው ፍሬት ላይ መታ አድርጉት። ከጂ ወደ ጂ ሻርፕ ይወጣል፤ የሐዘንና የደስታ ድንበር እዚያች ግማሽ ድምፅ ላይ ነው። 6ኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይም ክሩን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ታች ሳብ ማድረግ በቂ ነው። በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል የተደበቀው ድምፅ ብቅ ይላል።

ሶሎ ላይ ሲደርሱ የእኛ ልጆች የሚገጥማቸው ልዩ ፈተና አለ። ለዚህ ዘፈን የሚያገለግሉት አምስት ድምፆች ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ እና ዲ ናቸው። እነዚሁ አምስት ድምፆች ከጂ ሲጀመሩ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ናቸው። ለዚህ ነው ጣታቸው መንገዱን በፍጥነት የሚያገኘው፤ ለዚሁ ነው ደግሞ ሳያስቡት ጂ ላይ ሄደው የሚያርፉት። ያኔ ብሉዙ ይጠፋና ትዝታ ይመጣል። ትዝታን እወደዋለሁ፤ እዚህ ግን ቤቱ ኢ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እኔ 6ኛውን ክር ባዶውን ያለማቋረጥ እመታለሁ፣ ተማሪው በአምስቱ ድምፆች ላይ ይሄዳል፣ ሐረጉን ሲጨርስ ግን ኢ ላይ ይመለሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ጂ፣ ማረፊያ ሳይሆን ናፍቆት ሆኖ ይሰማዋል።

የባንክ ሠራተኛው ባለፈው ቅዳሜ መጣ። ሶሎውን ትተነው በ12 ባሩ ላይ ብቻ ስድስት ሳምንት ቆይተናል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደርስ «እናትህ እንዴት ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ማንም ተማሪ እጁ መማሩን የማረጋግጠው እንዲህ ነው፤ ወሬ ሲመጣበት እጁ ከቆመ ገና ነው። «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ» ብሎ ረጋ ብሎ መለሰልኝ። እጁ አልቆመም፤ እግሩም አልሳተም። ቢ ሰቨን ላይ ደርሶ ዙሩን በራሱ ጊዜ ጀመረው። እኔም ጊታሬን አነሳሁና ሶሎውን ገባሁበት።

ይህን ዘፈን ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉት፤ ጊታሩን ከመያዛችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አሥር ደቂቃ በእግርና በጭብጨባ ብቻ ሥሩ። ሶሎውን፣ እባካችሁ፣ እስከዚያው አትንኩት።