የልጅዎ ኬሚስትሪና የእርስዎ ወጥ ቤት

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ካለዎት፣ ከሥራ ገብተው ለእራት ጉድ ጉድ በሚሉበት ሰዓት ከወዲያኛው ክፍል «ኤች-ቱ-ኦ፣ ሲ-ኦ-ቱ፣ ኤን-ኤ-ሲ-ኤል» የሚል ድምፅ ሳይሰሙ አይቀሩም። የሚጠናው ኬሚስትሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥናቱ ሽምደዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀመሩ በቃል ይያዛል፤ ፈተናው ያልፋል፤ ከፈተናው በኋላ ቀመሩም አብሮ ይረሳል። ምክንያቱም ተማሪው ስሙን እንጂ ነገሩን አላየውም። ኤን-ኤ-ሲ-ኤል የተባለው ነገር እናቱ በወጥ ላይ ጣል የምታደርገው ጨው መሆኑን ያልነገሩት ልጅ፣ ቀመሩን ቢረሳ አይፈረድበትም።

ኬሚስትሪ በእጅ ተሠርቶ፣ በዓይን ታይቶ የሚገባ ትምህርት ነው። የተሟላ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት ግን ሁሉም ተማሪ አያገኝም። ቤተ ሙከራው ቢኖርም ተማሪው ብዙ ሲሆን ጥቂቶቹ ሲሠሩ የቀሩት ከኋላ ሆነው ማየታቸው የታወቀ ነው። ይህን ጉድለት በከፊል ሊሞላ የሚችል አንድ ክፍል በየቤቱ አለ። እርሱም ወጥ ቤት ነው።

«እኔ ኬሚስትሪ አልተማርኩ፤ ምን ላስተምረው እችላለሁ?» ይሉ ይሆናል። ሊጥ ሲቦካ፣ ጠላ ሲጠነሰስ፣ ልብስ ሲታጠብ የሚሆነውን ለውጥ እርስዎ በእጅዎ ያውቁታል። ልጅዎ ደግሞ ስሙን ከመጽሐፍ ያውቃል። የሁለታችሁ እውቀት ሲገናኝ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ከሙከራው በፊት ጥንቃቄ

ለሙከራ የዋለ ነገር አይቀመስም። የሙከራ ዕቃም ለምግብ ከሚያገለግለው ይለያል፤ ያረጀ ብርጭቆና የተጣለ ጠርሙስ ይበቃል። የመኪና ባትሪ አሲድና የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ለቤት ሙከራ አይነኩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅዎ «ይህን ከዚያ ጋር ብቀላቅለው ምን ይሆን?» ብሎ በራሱ ፈቃድ እንዳይቀላቅል ያስጠንቅቁ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

እርድና ነጭ ነጠላ

በነጭ ነጠላ ላይ የአልጫ ወጥ ጠብ ብሎብዎት ያውቃል? ብጫው ነጥብ ሳሙና ሲነካው ወዲያው ቀይ ይሆናል። ብዙዎቻችን «እድፉ ባሰበት» ብለን እንበሳጫለን እንጂ ምን እንደሆነ አንጠይቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእርድ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ቤዝ የተባለ ነገር ሲያገኘው ከብጫ ወደ ቀይ ይለወጣል። ሳሙና ደግሞ የቤዝ ጠባይ አለው። በቀላው ቦታ ላይ ሎሚ ቢጨምቁበት ሎሚው አሲድ ስለሆነ ብጫው ይመለሳል። ተማሪዎች በቤተ ሙከራ «አመልካች» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለሙከራው አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ የቡና ሲኒ የመድኃኒት ቤት አልኮል ይበጥብጡ። አልኮል በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ምድጃም ሆነ ሻማ በአጠገቡ አይኑር። ነጭ ወረቀት በቀጫጭኑ ቆርጠው ይንከሩና በጥላ ያድርቁት። ከደረቀ በኋላ ልጅዎ በአንዱ ወረቀት ላይ ሎሚ፣ በሌላው አቼቶ፣ በሦስተኛው የሳሙና ውኃ፣ በአራተኛው የተጠለለ የአመድ ውኃ፣ በመጨረሻው ንጹሕ ውኃ ጠብ ያድርግ። ሳሙናውና አመዱ ወረቀቱን ያቀላሉ። ሎሚውና አቼቶው ብጫውን አይለውጡትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ብጫ ሆኖ የቀረ ሁሉ አሲድ ነው ማለት ነው?» አይደለም። ንጹሕ ውኃም ብጫውን አይለውጠውም። ስለዚህ የእርድ ወረቀት ቤዝን ይለያል እንጂ አሲድን ከውኃ አይለይም። ይህን ለመለየት ሌላ አመልካች ያስፈልጋል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጥቅል ጎመን ተቀቅሎ ውኃው ቢወሰድ በአሲድ ይቀላል፤ በቤዝ ደግሞ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አንድ መሣሪያ የሚነግረንንና የማይነግረንን ለይቶ ማወቅ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

የእንጀራ ዓይን ከየት ይመጣል?

የእንጀራው ዓይን የሚከፈተው ሊጡ ሲቦካ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝና እንፋሎቱ በምጣዱ ሙቀት ተስፋፍተው ሲወጡ ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ስኳርና ስታርች እየተመገቡ ጋዙን ያወጣሉ። በክረምት ሊጡ የሚዘገይብዎት ብርዱ ሥራቸውን ስለሚያቀዘቅዘው ነው።

ልጅዎ ይህን በሦስት ጠርሙስ ሊያረጋግጥ ይችላል። በእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ይጨምር። በመጀመሪያው ለብ ያለ ውኃና ስኳር፣ በሁለተኛው ቀዝቃዛ ውኃና ስኳር፣ በሦስተኛው ለብ ያለ ውኃ ብቻ ያድርግ። በየአፋቸው ፊኛ ያጥልቅባቸውና አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቅ። ፊኛው በደንብ የሚነፋው በመጀመሪያው ነው። «ከሦስቱ ጠርሙሶች መካከል የተለወጠው ምንድን ነው? ያልተለወጠውስ?» ብለው ይጠይቁት። ሳይንሳዊ ሙከራ ማለት አንዱን ነገር ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው መሆኑን በዚህ ይረዳል።

ይኸው ጋዝ በፍጥነትም ይገኛል። በአንድ ጥልቅ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጥቂት አቼቶ አድርገው አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨምሩበት ይገነፍላል። ግንፍሉ ሲበርድ ፈሳሹ ሳይወጣ ማንቆርቆሪያውን በበራ ሻማ ላይ ዘንበል ማድረግ ነው። ምንም ነገር ሲፈስ አይታይም፤ ሻማው ግን ይጠፋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ኦክሲጅኑን ከነበልባሉ አርቆታል። ሁለቱ በተቀላቀሉበት ጠርሙስ ላይ ግን ክዳን አይጠበቅበትም፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል።

የእንቁላል ቅርፊትም ከዚህ አያንስም። ቅርፊቱን በአቼቶ ነክሮ ማሳደር ነው። የቅርፊቱ አብዛኛው ክፍል ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ እየበላው አረፋ ያወጣል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀጭኑ ሽፋን ብቻ ይቀራል።

ለገበያም የሚጠቅም ሙከራ

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ቲንክቸር አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ልጅዎ በድንች ቁራሽ፣ በዳቦ፣ በስኳርና በጨው ላይ አንዳንድ ጠብታ አድርጎ ውጤቱን ይመዝግብ። ድንቹና ዳቦው ይጠቁራሉ፤ ስኳሩና ጨው አይጠቁሩም።

ይህን ካወቀ በኋላ ከገበያ ከመጣው ወተት ጥቂት ለይታችሁ አፍሉና አቀዝቅዙት። አንድ ሁለት ጠብታ አዮዲን ሲጨመርበት ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ዱቄት የመሰለ ነገር ተቀላቅሎበታል። ነገር ግን አለመጥቆሩ ወተቱ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ውኃ ቢጨመርበት አዮዲን አያሳብቅም። የተመረመረው ወተት ይደፋል እንጂ አይጠጣም።

ለምስማር ደግሞ አንድ ሳምንት ይበቃል። አንዱ ምስማር በደረቅ ብርጭቆ፣ አንዱ በቧንቧ ውኃ፣ አንዱ በጨው ውኃ፣ አንዱ ፈልቶ በቀዘቀዘና ዘይት በተንሳፈፈበት ውኃ ውስጥ ይቀመጥ። በጨው ውኃ ያለው ክፉኛ ሲዝግ፣ ደረቁና ዘይት የከለለው ብዙም አይነኩም። ዝገት ውኃንም ኦክሲጅንንም እንደሚፈልግ በዚህ ይታያል። የጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የሚለበጠውም ለዚሁ ነው።

እንዶድ ያስተማረን

የቤት ሥራን ልብ ብሎ ማየት የት እንደሚያደርስ ለልጅዎ ማስረዳት ከፈለጉ የእንዶድን ታሪክ ይንገሩት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር፣ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን አረጋገጡ። በ1989 እርሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የእንዶዱን አረፋ ብዙ ሰው አይቶታል። ሳፖኒን የተባለው በውስጡ ያለ ነገር አረፋውንም ያወጣል፤ ቀንድ አውጣውንም ይገድላል። ልዩነቱ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ላይ ነው።

ሕይወት የሚያድን ኬሚስትሪ

ወደ ማስጠንቀቂያው እንመለስ። በየቤቱ ያለው በረኪና ልብስ ያነጣል፤ ጀርም ይገድላል። ነገር ግን «አብልጦ ያጸዳል» በሚል ከመጸዳጃ ቤት አሲድ፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን የተባለ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛም ጋዝ ይፈጠራል። በጠባብና በተዘጋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። ይህ በድንገት ከደረሰ ሁሉን ትቶ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ ሳልና የመተንፈስ ችግር ካለም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በረኪና በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚቀመጥ ከሆነ ዛሬውኑ ስሙ ይጻፍበት፤ ሕፃን ከማይደርስበትም ቦታ ይደረግ። ሕፃን ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ከሰልም እንዲሁ። አየር በሚያንስበት ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ መልክ የለውም። በክረምት ምሽት ለሙቀት ተብሎ ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ገብቶ በርና መስኮት ሲዘጋ፣ የተኙት ሳይነቁ ይቀራሉ። ልጅዎ በመጽሐፉ ላይ ሲ-ኦና ሲ-ኦ-ቱ የሚለያዩት በአንድ ኦክሲጅን መሆኑን ያነባል። ያች አንዲት ኦክሲጅን ምን ያህል ዋጋ እንዳላት እርስዎ ያስረዱት።

ወንድም ሴትም

ወጥ ቤቱ የሴት ልጅ፣ ኬሚስትሪው የወንድ ልጅ ነው የሚል ልማድ አሁንም በየቤቱ አልጠፋም። ይህ ሙከራ ሁለቱንም ያርማል። ወንዱ ሊጥ ያቡካ፤ ብርጭቆውንም ይጠብ። ሴቷ ውጤቱን አስቀድማ ትገምት፤ ምክንያቱንም ታስረዳ። አባትም ቢሆን ፊኛ መያዝ አያቅተውም።

ሁሉም በአንድ ደብተር በሦስት ረድፍ ይመዝገብ፦ «ምን አደረግሁ? ምን አየሁ? ለምን ሆነ?» ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ከቀረ አያፍሩበት፤ ጥያቄውን ልጅዎ ለመምህሩ ይዞ ይሂድ። ጥያቄ ይዞ ክፍል የሚገባ ተማሪ መልሱን በቀላሉ አይረሳውም።

ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይቸኩሉ። ለዚህ ሳምንት እርዱ ይበቃል። አልኮሉን ብቻ ከመድኃኒት ቤት ይግዙ፤ የቀረው እቤትዎ አለ።