ታኅሣሥ 9 በጎጀብ ወንዝ ዳር

የልደትን በዓል በጾመ ነቢያት በምንጠባበቅበት ወር ከተፈጸሙት የታሪካችን ድርጊቶች አንዱን ለአንባብያን ልናስታውስ ወደድን።

ከጅማ ተነሥቶ በሰቃና በሸቤ የቡና አገር አልፎ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሁሉ የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። ዛሬ መኪና በደቂቃ የሚያልፈው ይህ ወንዝ በታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ለልደት 20 ቀን ሲቀረው፣ ከባድ ኀዘን አይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲሄዱ እንደራሴ አድርገው የሾሟቸው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ ጎሬን ከለቀቁ በኋላ በጠላት ጦር ተከበው እጃቸውን የሰጡት በዚሁ ስፍራ ነው። አብረዋቸው ከነበሩት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ወጣት መኮንኖች፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ ብዙዎቹ ከየካቲት 12 በኋላ በፋሺስት ተረሽነዋል። የማን እናት በዚያ ዓመት ፋሲካን በደስታ ዋለች?

ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። የእግዚአብሔር ሥራ ግን ድንቅ ነው፤ ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ወርዶ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1935 ዓ.ም. በእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ዕለት ወደዚያችው ደሴት ሲጋዝ፣ የገባው ራስ እምሩ ቀድሞ ታስረውበት በነበረው ቤት ነበር። ጅማ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ከወጣች ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልፏታል። ልዑልነታቸውም በ1936 ዓ.ም. ለአገራቸው በቁ።