የቪዲዮ ጨዋታ ሽልማቶች በልዩ ልዩ መሣሪያዎች ላይ እንዴት ይመዘናሉ?

ሁለት ተማሪዎች፥ አንዱ በኤክስቦክስ ሌላው በፕሌይስቴሽን የሚጫወቱ፥ «እኔ አምሳ ሺህ ነጥብ አለኝ»፤ «እኔም ሠላሳ ፕላቲነም ዋንጫ አለኝ» ተባብለው ቢከራከሩ፥ ከሁለቱ የበለጠው ማን እንደ ሆነ ለመፍረድ ዳኛ ይቸገራል። ነገሩ የጨዋታ ወሬ ቢመስልም መሠረቱ ከፈተና ማርክ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም ሁለት ፈታኞች በየራሳቸው ሚዛን የሰጡትን ማርክ ማስተያየት የሚቻለው በምን መንገድ ነው የሚል ነው። እስከ ዛሬ የተሞከሩትን መንገዶችና ጉድለታቸውን ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተጫዋቹ አንድ የተወሰነ ተግባር ሲፈጽም፥ ለምሳሌ አንድ ምዕራፍ ሲጨርስ ወይም አንድ ጠላት ሳያቆስለው ሲያሸንፍ፥ መሣሪያው ይህን በስሙ ይመዘግብለታል። ማይክሮሶፍት በ2005 ዓ.ም. ኤክስቦክስ 360ን ባወጣ ጊዜ ለእነዚህ ሽልማቶች ነጥብ እንዲሰጥ አደረገ፤ በሱቅ ለሚሸጥ ሙሉ ጨዋታም የነጥቡ ድምር 1,000 እንዲሆን ደንብ ወጣ። ነጥቡን በየተግባሩ የሚያከፋፍለው ግን የጨዋታው ሠሪ ራሱ ነው። ከዚህም የተነሣ በ2007 ዓ.ም. «አቫታር፦ ዘ በርኒንግ ኧርዝ» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ 1,000ው ነጥብ በአምስት ሽልማቶች ላይ ብቻ ተደልድሎ ስለ ነበር፥ ተጫዋቹ ሳያቋርጥ 50 ጊዜ ከመታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ይጠቀልለው ነበር። በሌላ ጨዋታ መቶ ሰዓት የደከመ ሰውም የሚያገኘው ያንኑ 1,000 ነው።

ሶኒ በ2008 ዓ.ም. በፕሌይስቴሽን 3 ላይ የጀመረው ሥርዓት ደግሞ ዋንጫዎችን በአራት ማዕርግ ይከፍላል። ነሐሱ 15፥ ብሩ 30፥ ወርቁ 90 ነጥብ አለው፤ ሌሎቹን ሁሉ ለሰበሰበ የሚሰጠው ፕላቲነም ቀድሞ 180 ሲሆን በ2020 ዓ.ም. 300 ተደረገ። (ሥራው ሳይጨምር ዋጋው ጨመረ ማለት ነው።) ስቲም የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ መደብር ለሽልማቱ ነጥብ አያወጣለትም፤ ከመቶ ስንት ተጫዋች እንዳገኘው ብቻ ያሳያል። ፈረሱላን ወደ ኪሎ መለወጥ የሚቻለው ሁለቱም ክብደትን ስለሚለኩ ነው። የኤክስቦክስና የፕሌይስቴሽን ነጥብ ግን የሠሪውን ፈቃድ እንጂ የሥራውን ክብደት ስለማይናገሩ መመንዘሪያ የላቸውም።

ስለዚህ አንዳንዶች ሠሪውን ትተው ተጫዋቾቹን ወደ መቍጠር ሄዱ። ትሩአቺቭመንትስ የተባለው የኤክስቦክስ ተጫዋቾች መዝገብ ጨዋታው ያላቸውን አባሎች ቍጥር ሽልማቱን ባገኙት ቍጥር ያካፍልና የውጤቱን ስኩዌር ሩት፥ ማለት በራሱ ሲባዛ ያንን የሚሰጠውን ቍጥር፥ ወስዶ በነጥቡ ያባዛዋል። ከ1,000 ሰዎች 250 ያገኙት የ20 ነጥብ ሽልማት፥ 1,000 ለ250 ሲካፈል 4፥ ሩቱም 2 ስለ ሆነ፥ 40 ይሆናል። 10 ሰዎች ብቻ ያገኙት ከሆነ 200 ይሆናል። ሩቱ ባይወሰድ ኖሮ ይኸው ሽልማት 2,000 ሆኖ የሌላውን ሁሉ ድካም ይውጠው ነበር፤ ስለዚህ ሩቱን መውሰዳቸው ብልህነት ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ የሽልማት ብርቅነትና ክብደት አንድ አይደሉም። አንድ ጨዋታ በሁለት መሣሪያዎች ላይ ወጣ እንበል። በአንደኛው ሰዎች በገንዘባቸው መርጠው ስለ ገዙት የመጨረሻውን ሽልማት ከመቶ 40 አገኙት። በሁለተኛው ግን በወር ክፍያ ከሌሎች ብዙ ጨዋታዎች ጋር ስለሚታደል (ማይክሮሶፍት ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በጌም ፓስ የሚያደርገው እንዲህ ነው) ብዙው ሰው ቀምሶ ይተወዋል፤ ያገኙትም ከመቶ 10 ብቻ ሆኑ። በስሌቱ መሠረት የሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያውን እጥፍ ይሆናል። ተግባሩ ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰዉ ዓይነት ነው።

አካፋዩን በመለወጥ ይህን ማረም ይቻላል። ጨዋታው ያለውን ሰው ሁሉ ከመቍጠር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያለፈውን ብቻ እንቍጠር። በአንደኛው መሣሪያ ከመቶው 80፥ በሁለተኛው 20 አልፈውት ከሆነ፥ 40 ከ80ም 10 ከ20ም ግማሽ ነው፤ ልዩነቱ ይጠፋል። በእርግጥ ቍጥሮቹ እንዲስማሙ የመረጥኋቸው እኔ ነኝ፤ በእውነተኛ መዝገብ ላይ ጥቂት ልዩነት መቅረቱ አይቀርም።

የሚያስቸግረው አንዱ ጨዋታ በአንዱ መሣሪያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ጌኦርግ ራሽ በ1960 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የጥያቄን ክብደትና የተፈታኝን ችሎታ ለይቶ ለመለካት የሚያስችል ዘዴ አቅርቧል። በዚህ ዘዴ ሁለት ልዩ ልዩ ፈተናዎችን በአንድ መስፈርት ላይ ለማዋል ሁለቱንም የተፈተኑ ሰዎች እንደ ድልድይ ያገለግላሉ። ለጨዋታም ድልድዩ ሁለቱም መሣሪያዎች ያሏቸው ተጫዋቾች ናቸው፤ እነርሱ በአንዱ የቀለላቸውና በሌላው የከበዳቸው ተነጻጽሮ የሁለቱ ነጥብ ይስተካከላል። እነዚህ ሰዎች ከተራው ተጫዋች ይልቅ ትጉህ ስለ ሆኑ ስንቱ እንዳገኘ መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ ችሎታቸውም አብሮ መገመት አለበት። ደግሞም በመጀመሪያው መሣሪያ የለመዱት ለሁለተኛው ስለሚረዳቸው፥ ግማሾቹ ከአንዱ፥ ግማሾቹ ከሌላው የጀመሩ እንዲሆኑ አድርጎ መምረጥ ይገባል።

እንዲህ ያለ ድልድይ በማይገኝበት ጊዜ፥ በእኔ አስተያየት፥ ሁለቱን ነጥቦች ደምሮ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ተራ ከማውጣት ይልቅ ጎን ለጎን ጽፎ ሳይደምሩ መተው ይሻላል።