ሕያው አሸዋና ፈጣን ማጣሪያ፦ ሁለቱ የውኃ ማጥሪያ መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመን የሐምቡርግ ከተማ የተቀሰቀሰው የኮሌራ ወረርሽኝ 8,600 የሚያህሉ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በዚያን ጊዜ ከሐምቡርግ ጋር ትዋሰን የነበረችው አልቶና ግን ከነዋሪዎቿ ብዛት አንጻር የደረሰባት ጉዳት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። ሁለቱም ከተሞች ይጠጡ የነበረው ከኤልበ ወንዝ ነው፤ እንዲያውም አልቶና ውኃዋን የምትቀዳው የሐምቡርግ ፍሳሽ ወንዙን ከተቀላቀለ በኋላ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው ታዋቂው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ምክንያቱን አስረዳ፦ አልቶና ውኃዋን በአሸዋ ታጣራለች፤ ሐምቡርግ ግን አታጣራም።

የአልቶና ማጣሪያ ዛሬ ሥነ ሕይወታዊ የሚባለው ዓይነት ነው። ውኃው በሰዓት ከ10 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ እየሰረገ በደቃቅ አሸዋ ውስጥ ያልፋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአሸዋው ገጽ ላይ ረቂቅ ሕያዋን የሚኖሩበት ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚይዘውና የሚያጠፋው በዋነኛነት ይኸው ሽፋን ነው። ኬሚካል አይሻም፤ ኃይልም እምብዛም አይፈልግም።

በተለመደው ዘዴ ግን አስቀድሞ እንደ አሉሚኒየም ሰልፌት ያለ ኬሚካል ይጨመራል። ደቃቁ ጭቃ ተያይዞ ይዘቅጣል፤ የቀረው ውኃ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት በአሸዋ ያልፋል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚያቀርበው የለገዳዲ ጣቢያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

የፍጥነቱ ልዩነት የቦታ ልዩነትን ያስከትላል። ዝግተኛው ማጣሪያ ተመሳሳይ መጠን ያለው ውኃ ለማጥራት በአሥር እጥፎች የሚበልጥ የአሸዋ ስፋት ይጠይቃል። ከዚህም በላይ የክረምት ጎርፍ ያደፈረሰውን ውኃ አይችልም፤ ጭቃው ሽፋኑን በፍጥነት ይደፍነዋል። ፈጣኑ ዘዴ ደለሉን ይቋቋማል፤ ነገር ግን የኬሚካል አቅርቦት ወይም የባለሙያ ቁጥጥር ሲጓደል አሸዋው ብቻውን ጀርሞችን አያስቀርም።

ሕያው ማጣሪያም ቢሆን ጥበቃ ይሻል። በ1893 ክረምት አልቶና ራሷ በኮሌራ ተጠቃች፤ ኮኽም ውርጭ የማጣሪያዎቹን ሥራ ማወኩን ምክንያት አድርጎ አቀረበ። በዚያው ዓመት ሐምቡርግ የራሷን የአሸዋ ማጣሪያ ሥራ አስጀመረች።

እንግዲህ ምርጫውን የሚወስኑት የምንጩ ጥራት፣ የመሬቱ ስፋትና የጠባቂዎቹ አቅም ናቸው። ንጹሕ ምንጭና ሰፊ መሬት ላላት አነስተኛ ከተማ ዝግተኛው ይበጃል፤ ደለል ከሚያመጣ ወንዝ ብዙ ሕዝብ ለምታጠጣ ከተማ ፈጣኑ ይመረጣል። በሁለቱም ዘንድ ግን አንድ ቀን የተዘነጋ ማጣሪያ የነዋሪውን ጤና አደጋ ላይ ይጥላል።