ብሩስ የሚለው ስም ከየት መጣ?

በመጻሕፍታችን «አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ» ሲባል፥ «ዘ» የምትለው ፊደል ሰውን ከቦታ ጋር ታያይዛለች። በፈረንሳይኛም ይህንኑ ሥራ የምትፈጽም «ደ» የምትባል ቃል አለች። ልዩነቱ፥ የእኛ «ዘጋስጫ» ለዘር አይወርድም፤ የፈረንሳዩ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የቤተ ሰብ ስም ይሆናል። ለዚህም ብሩስ የተባለው ስም ጥሩ ምሳሌ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ፥ ከሸርቡር ከተማ በስተደቡብ፥ ብሪክስ ተብላ የምትጻፍ መንደር አለች። ከዚያች የወጡት መኳንንት «ደ ብሩስ» ተባሉ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ወገኑ ባሕሩን ተሻገረ፤ በ1124 ገደማም የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ዳዊት ለሮበርት ደ ብሩስ አናንዴል የተባለውን ግዛት ሰጠው። ከዘሩ የተወለደ ሌላ ሮበርት በ1306 በስኮትላንድ ነገሠ። ይህ ንጉሥ በ1329 ሲሞት ልቡ ወደ ቅድስት አገር እንዲወሰድለት ተናዞ ነበር፤ ነገር ግን አደራውን የተቀበለው ጄምስ ደግላስ በእስፓንያ በጦርነት ስለ ወደቀ፥ ልቡ ኢየሩሳሌም ሳይደርስ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ።

በ1770 ጎንደር የገባው፥ የግእዙንም መጽሐፈ ሄኖክ ወደ አውሮፓ የወሰደው ጄምስ ብሩስ በዚሁ ስም ይጠራል። ሆኖም የአባቱ አባት በትውልዱ ሄይ የሚባል ሰው ነበር፤ የብሩስን ቤት ወራሽ ባገባ ጊዜ የእርስዋን የቤተ ሰብ ስም ወሰደ። ስለዚህ ስሙ ለመንገደኛው የደረሰው በሴት አያቱ በኩል ነው።

ከዚያም ስሙ ከሰው ወደ ሌላ ነገር አለፈ። በአገራችን ለተቅማጥ መድኃኒት የሚሆነውን ዋጊኖስን የዕፀዋት ሊቃውንት ለዚሁ መንገደኛ መታሰቢያ «ብሩሴያ» አሉት። ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ በ1887 በማልታ ያገኘው የበሽታ ተሐዋሲም «ብሩሴላ» ተባለ። በካናዳ ያለው የብሩስ ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ የተሰየመው በሌላው ጄምስ ብሩስ፥ በአገረ ገዥው ስም ነው። እነሆ፥ ከቦታ የተነሣው ስም ተመልሶ የቦታ ስም ሆነ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድም ዛሬ ለሕፃናት መጠሪያ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ስም የተጓዘበትን መንገድ ያመለክታል እንጂ ብቻውን የዘር ምስክር ሊሆን አይችልም። እኛም በብራና ላይ «ዘ» የምትለውን ስናገኝ፥ ቦታው የትውልድ ነውን ወይስ የገዳም? ብለን እንጠይቅ። ራሱ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም ዘሰግላም ይባላልና፤ ይህን ሳይለዩ የሚጽፉ ሰዎች አንዱን ሊቅ ሁለት ሊያደርጉት ይችላሉ።