ቅዳሜ ዲመካ፣ እሑድ ኮልቾ

«ለጥቂት ቀን ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን እንምጣ» በተባለ ቁጥር ሁላችሁም ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ትላላችሁ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ዘንድሮ ስሙኝማ፣ ጂንካ እንሂድ። «ሩቅ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በመኪና ከሆነ እውነታችሁን ነው። በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ አራት ቀን መንገድ ላይ ይቀልጣል። በአውሮፕላን ግን ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ምሳ ሳይደርስ ጂንካ ናችሁ። በረራው በየትኞቹ ቀናት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕቅድ ሁሉ የሚሰፋው በእሱ ልክ ነው።

የድሮዋን ጂንካ የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱላችሁ ስለ ሜዳው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ይባረርና አውሮፕላኑ ያርፋል። አሁን ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ጂንካም የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ባንኩም ገበያውም የደራ፣ መካከለኛ የምትባል የደቡብ ከተማ ሆናለች። ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ደህና ነው፤ ዙሪያዋን እንሰትና ቡና የሚያለሙት የአሪ ገበሬዎች ናቸው። ከዚያ ወደ ኦሞ ወንዝ ስትወርዱ ግን አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ። የጂንካን ጃኬት እዚያው ጂንካ ትታችሁት ውረዱ።

ወደዚህ አገር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ካርታ ዘርግቶ ርቀት መቁጠር ሲጀምር ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላ ዕቅድ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ዲመካ ነው። ሰኞ ቱርሚ። የጂንካም ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። ከገበያው ቀን ውጭ ዲመካ ብትደርሱ የምታዩት ጸጥ ያለች የወረዳ ከተማ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትደርሱ ግን የሐመርና የበና ሰው ከየመንደሩ በእግሩ ገብቶ ከተማው ይጠባል። ቅቤ፣ ማሽላ፣ ማር፣ ፍየል፣ ቅል፣ ሴቶቹ ከቅቤ ጋር ለውሰው ጠጉራቸውን የሚቀቡት ቀይ አፈር፣ ሁሉም መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። የሐመር ሴቶችን አንገት አስተውሉ። ካደረጉት የብረት ቀለበት ላይ ወደ ፊት ሾጠጥ ያለ ነገር የወጣበት፣ በቆዳ የተለበጠ ጌጥ ያላት ሴት የመጀመሪያ ሚስት ናት። ቢኜሬ ይሉታል። ይህን አውቆ ገበያ የገባ ሰውና ሳያውቅ የገባ ሰው አንድ ገበያ አላዩም ብዬ እከራከራለሁ።

እንግዲህ የኔ ዕቅድ ይኸውላችሁ። ዓርብ ጂንካ መግባት። ከሰዓት ከተማውን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ ወዳለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል መውጣት። ይህን «በመጨረሻው ቀን» ብላችሁ አታሳድሩት፤ መጀመሪያ ሙዚየሙን ያየ ሰው በኋላ በየገበያው የሚያየውን ይለያል። ማዕከሉ እንዲቋቋም ብዙ የደከሙት ኢቮ ሽትሬከር የተባሉት ጀርመናዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ጂን ሊዳል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሐመር ውስጥ ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውንም እዚያ ይዘው ኖረዋል። በተለይ ሊዳል ስለ ሐመር ሴቶች የሠሯቸው ፊልሞች፣ ለምሳሌ «የዱካ ጭንቀት» ሊባል የሚችለው የ2001 እ.ኤ.አ. ሥራቸው፣ ባል ሁለተኛ ሚስት ሲያመጣባት አንዲት ሴት ምን እንደምታስብ ራሷን ያናግራሉ። ከጉዞው በፊት ፈልጋችሁ ብታዩት ከማንኛውም የጉዞ መመሪያ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ቅዳሜ ማለዳ ከጂንካ በቀይ አፈር በኩል ዲመካ፤ ከገበያው በኋላ ቱርሚ ገብቶ ማደር። እሑድ ኮልቾ። ሰኞ የቱርሚን ገበያ አይቶ ወደ ጂንካ መመለስ። ሰኞን ከሥራ መውሰድ ለማትችሉ የሐሙሱ ቀይ አፈር ሌላ አማራጭ ይሰጣል፤ እሱን ግን አስጎብኚያችሁ ያስተካክልላችሁ።

አሁን ወደ ኮልቾ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የማወራው ስለሷ ነው። አንዳንድ ሾፌር ኮርቾ ይላታል፣ ያው ናት። ከቱርሚ ወደ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር አለፍ የሚል የአሸዋና የአፈር መንገድ ነው፤ በግራር ቁጥቋጦ መሐል ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ፎር ዊል ድራይቭ ያልሆነ መኪና ይዛችሁ አትሞክሩት። የካራ ሰዎች መንደር ናት። ካራዎች፣ ብዙ ሰው ካሮ የሚላቸው ማለት ነው፣ ቁጥራቸው ከጥቂት ሺህ የማይዘል፣ ቋንቋቸው ከሐመር ጋር የሚግባባ፣ በኦሞ ምሥራቃዊ ዳርቻ ዱስ፣ ላቡክና ኮልቾ በሚባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ኮልቾ ያለችው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከሥሯ ኦሞ ቡናማ ሆኖ ሰፊ እጥፋት ይሠራል፤ ማዶ የኛንጋቶም አገር ነው። ስለ ደቡብ ኦሞ በታተመ ፖስተር ሁሉ ላይ ያያችሁት የወንዝ መታጠፊያ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ውበቱን ትታችሁ ግን ዳርቻውን ተመልከቱ። ኮልቾ አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ እንኳን ማሽላ ሣርም በወጉ አያበቅልም። ታዲያ ካራዎች ማሽላ ከየት አመጡ? ከእናንተው ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ዣንጥላ ይዛችሁ ስትሮጡ፣ በዚያው ወቅት በምዕራብ ሸዋ፣ በጅማና በዙሪያቸው ደጋ የሚወርደው ዝናብ ጊቤንና ጎጀብን ሞልቶ ኦሞ ይሆናል፤ 760 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ታች ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ይሞላና ከዳርቻው ይወጣል። መስከረም ጥቅምት ላይ ሲሸሽ ጥቁር፣ እርጥብ ደለል ትቶ ይሄዳል። ካራዎች በዚያ ደለል ላይ በእንጨት እየወጉ ማሽላ፣ በቆሎና ባቄላ ይዘራሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ አያስፈልጋቸውም። እያንዳንዱ የዳርቻ ቁራሽ ባለቤት አለው፤ ከአባት ይወረሳል። ካራዎችን ከብት አርቢ ከሆኑት ጎረቤቶቻቸው የሚለያቸው ይህ እርሻ ነው። እህል ያለው ካራ፣ ፍየል ያለው ሐመር፤ መለዋወጡ የመጣው ከዚህ ነው።

ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ግን ከላይ፣ ወንዙ ላይ፣ ጊቤ ሦስት ግድብ ተመረቀ። 243 ሜትር ከፍታ፣ 1,870 ሜጋ ዋት። ግድቡ የወንዙን ውኃ ዓመቱን ሙሉ እያመጣጠነ ይለቃል፤ ለተርባይን ጥሩ ነው፤ ከዳርቻው ሞልቶ ለሚወጣ ውኃ ግን ቦታ የለውም። ለእርሻው ተብሎ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል የሚል ዕቅድ ነበረ፤ የኦሞ ዳርቻ ገበሬ የጠበቀውን ያህል አላገኘም። በሌላ በኩል ጎርፉ ራሱ ሁልጊዜ ደግ አልነበረም፤ ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዙ ታች በዳሰነች ሕዝብ አገር ላይ ሌሊት ገብቶ ከ300 በላይ ሰው ፈጅቷል። ስለዚህ «ግድቡ ክፉ ነው» ወይም «ግድቡ ልማት ነው» ብሎ ቶሎ ለሚደመድም ሰው ኮልቾ አፋፍ ላይ ጆሮዬን አልሰጥም። የምላችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ቤታችሁ የሚበራው አምፖል የተወሰነ ድርሻ እዚያ ሥር ከሚያልፈው ውኃ ነው፤ የዚህን ወንዝ ታሪክ አንድ ሽማግሌን በአስተርጓሚ ጠይቁ፣ ከየትኛውም ፎቶ ይበልጥ ትወስዳላችሁ።

ፎቶ ካነሳን አይቀር። የካራ ሰው ገላውን በነጭ፣ በቀይና በቢጫ አፈር ማሳመር የቆየ ጥበቡ ነው፤ ለጭፈራና ለበዓል ነበር። ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲበዛ ግን መኪና በታየ ቁጥር መቀባት ተጀመረ፤ በሰው፣ በፎቶ ተቆጥሮ ይከፈላል። ወቀሳው የማን እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ልጆች አበባ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ሲሰለፉላችሁ «ይህ ባህላቸው ነው» ብላችሁ አትለጥፉ፤ ገበያ ነው፣ ተገቢ ገበያ። እኔ የምወደው ዘዴ ይኸውና፦ መንደሩ ስትገቡ የመንደሩን ክፍያ ከፍላችሁ፣ በአስጎብኚው በኩል ለፎቶ አንድ ጊዜ ተስማሙ፤ ከዚያ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ተቀመጡ። ሾፎሮ ያቀርቡላችሁ ይሆናል፤ የቡና ገለባ ተፈልቶ በትልቅ ቅል የሚጠጣ ነው፣ ሐመሮችም ካራዎችም ጠዋት ማታ አይለያቸውም። እንደ ቡና ሳይሆን እንደ ቀጭን ሻይ ጠብቁት።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። በካራ ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ ወይም የሽማግሌ ሥርዓት ሳይፈጸም የተወለደ ልጅ «ሚንጊ» ይባልና፣ መንደሩ ላይ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይጣል ነበር። ላሌ ላቡኮ የተባለ የካራ ተወላጅ ልጆቹን እየሰበሰበ ጂንካ ውስጥ ማሳደጊያ ከፈተ፤ ሽማግሌዎቹንም ለዓመታት ሲያነጋግር ቆየ። በ2004 ዓ.ም. ካራዎች ልማዱን በይፋ ተዉ። ይህን ያነሳሁት ባህል ዝንተ ዓለም ባለበት የቆመ ይመስል ለሚያወራላችሁ አስጎብኚ መልስ እንዲኖራችሁ ነው። የወሰኑት እነሱው ራሳቸው ናቸው።

«የከብት ዝላዩስ?» ትላላችሁ። ወጣቱ በከብቶች ጀርባ ላይ የሚሮጥበት የሐመር ሥርዓት በቀን መቁጠሪያ አይቀጠርም። ቤተሰቡ እህል ሲገባለት፣ ማር ሲኖረው ቀን ይቆርጣል፤ ለተጋባዥ ቋጠሮ ያለበት ልጥ ይልካል፤ ተጋባዡ በየቀኑ አንድ አንድ እየፈታ ሲያልቅ ይመጣል። ቱርሚ ስትደርሱ ካለ ይነገራችኋል፤ ከሌለ ለእናንተ ተብሎ እንዲዘጋጅ አትጠይቁ። ሴቶቹ ለዘመዳቸው ብለው በአርጩሜ ሲገረፉ ማየት ለሁሉም ሰው አይመችም፤ የማይመቻችሁ ከሆነ ዘወር በሉ፣ ማንም አይቀየማችሁም። የሙርሲ ሕዝብን አገር ደግሞ በዚህ ጉዞ አልጨመርኩም። በማጎ ፓርክ አድርጎ ከጂንካ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ግን ብዙ ሰው ሄዶ ግማሽ ሰዓት የከንፈር ገል ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ለእሱ ሌላ ጊዜ በወጉ እንሄዳለን።

የቀረው ስንቅ ነው። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት አትምጡ፤ ትልቁ ዝናብ ያን ጊዜ ነው፣ ቱርሚ አጠገብ እንዳለው ከስኬ ያሉት ደረቅ የአሸዋ ወንዞች ሌላ ቦታ በዘነበ ዝናብ ድንገት ሞልተው መኪና ያግታሉ። ጥቅምትና ኅዳርም ዝናብ አያጣቸውም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሻላል። ወባ አለ፤ አጎበርና የሐኪም ምክር ያዙ። ጥሬ ብር፣ በተለይ ዝርዝር፣ ጂንካ ላይ አውጡ፤ ኮልቾ ላይ ባለ 200 ብር ለመመንዘር መሞከር የሁሉንም ቀን ያበላሻል። ነዳጁንም ጂንካ ላይ ሙሉ። በካራ፣ በሐመርና በኛንጋቶም መካከል ሰላሙ አንዳንዴ ይደፈርሳልና ቅዳሜ ማታ ቱርሚ ላይ የአስጎብኚዎቹን ማኅበር «የኮልቾ መንገድ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ነገ አይሆንም» ካሏችሁ አትከራከሩ።

እሑድ ከቱርሚ ከምሳ በኋላ ተነሱ፤ በቀትር ወበቁ አያስቀምጥም፣ አሥር ሰዓት ገደማ አፋፉ ላይ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ሌሊት መንገዱን ላለመንዳት የምትፈልጉ ድንኳን ይዛችሁ መንደሩ አጠገብ በፈቃድ ማደር ትችላላችሁ፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በርኮታ፣ ማለትም ከእንጨት የሚጠረበውን ትንሽ መቀመጫ፣ መግዛት ከፈለጋችሁ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ላይ ፈልጉ፤ የተጠቀሙበትና በቅቤ የወዛው ይበልጥ ያምራል፣ ግን ሽማግሌው የተቀመጠበትን «ይሸጣል?» ብላችሁ ከሥሩ አታስነሱት።